ሁለት ትሬድ አንድ ቁጥር ላይ ሲጽፉ ድምሩ ለምን ይጎድላል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ናችሁ። ድሬዳዋ ላይ ለአንድ የቡና መጋዘን የርክክብ ፕሮግራም በጃቫ እየሠራሁ ነው። ሁለት ሚዛን አለ፤ ሁለቱም በሲሪያል ገመድ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ተያይዘዋል። መጀመሪያ ላይ ከሚዛኑ ቁጥር እስኪመጣ ስጠብቅ መስኮቱ ደርቆ ይቀር ነበር፤ ቁልፍ ብትጫን አይሰማም፣ አይዘጋም። አንድ ጓደኛዬ ‹ትሬድ ተጠቀም አቦ!› አለኝ፤ ሥራውን ከመስኮቱ ለይቶ ጎን ለጎን የሚያስኬድ ፍሰት ማለቱ ነው። ለየሚዛኑ አንዳንድ ትሬድ ሰጠሁ፤ መስኮቱ ተፈታ። ግን ጥርጣሬ ገባኝና ያለ ሚዛን ሞከርኩት። ሁለቱ ትሬዶች በአንድ ቆጣሪ ላይ እያንዳንዳቸው 100,000 ጊዜ አንድ እንዲጨምሩ አደረግሁ። 200,000 መምጣት ሲገባው አንዴ 131,407፣ አንዴ 118,952፣ አንዴ ደግሞ ልክ 200,000 ይመጣል። ችግሩ የኮምፒውተሩ ነው የእኔ? ነገሩን ከሥሩ ብታስረዱኝ።»

መልስ፦ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው። አንተም ትሬድ የጀመረ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነገር ነው የገጠመህ። የድሬ ልጅ ነህና አንቱታውን ትቼ በአንተ ልቀጥል።

ያለ ሚዛን መሞከርህ በጣም ጠቅሞሃል። በሚዛኑ ብቻ ብትሞክረው ኖሮ ስህተቱን ለወራት ላታየው ትችል ነበር። ጆንያው ተጭኖ፣ ሚዛኑ ረግቶ፣ ቁጥሩ እስኪመጣ ብዙ ሰከንድ ያልፋል፤ ሁለቱ ትሬዶች ሊጋጩ የሚችሉባት ቅጽበት ግን ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ያነሰች ናት። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሳምንት ከሳምንት በሰላም ይሠራና፣ አንድ ቀን ከሐረርጌ ደጋ የመጡት አይሱዙዎች ተደርድረው ሁለቱም ሚዛን እኩል ሲረጉ፣ አንድ ጆንያ ከድምሩ ይጎድላል። መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲጎድል ደግሞ ሶፍትዌሩን የሚጠረጥር የለም። መጀመሪያ የሚጠየቀው መጋዘን ጠባቂው ነው፤ ቀጥሎ ጫኝና አውራጆቹ። መልሴን የማረዝመው ለዚህ ነው።

ከሥሩ እንጀምር። ፕሮግራምህን ስታስነሳ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፕሮሰስ የሚባል ነገር ይከፍትለታል፤ የራሱን ሚሞሪ ለይቶ ይሰጠዋል። በዚያ ፕሮሰስ ውስጥ ኮዱን ከላይ ወደ ታች እያስፈጸመ የሚሄድ አንድ የሥራ ፍሰት ትሬድ ይባላል። ማንኛውም የጃቫ ፕሮግራም ቢያንስ አንድ ትሬድ አለው፤ ሜይን የሚባለውን ሜተድ (በስም የሚጠራ የኮድ ክፍል) የሚያስኬደው እሱ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ትሬድ ስትከፍት ሁሉም በዚያው ፕሮሰስ፣ በዚያው ሚሞሪ ውስጥ ይሠራሉ። ጃቫ ይህን ከውልደቱ ጀምሮ ይዞት ነው የመጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የመጀመሪያው እትም ውስጥም ትሬድ የቋንቋው አካል ነበር።

ኮምፒውተርህ አራት ኮር (የፕሮሰሰሩ ራሱን የቻለ ማስሊያ ክፍል) ካለው አራት ትሬዶች በእውነት በአንድ ጊዜ ሊሮጡ ይችላሉ። ከዚያ በላይ ከሆኑ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እያፈራረቀ ያስኬዳቸዋል። መቼ እንደሚያፈራርቅ ግን አያማክርህም፤ አንዱን ትሬድ ሥራው መሃል ላይ አስቁሞ ሌላውን ሊያስነሳ ይችላል። ይህን አስምርበት።

ሚሞሪውን ለሁለት ከፍለህ እየው። እያንዳንዱ ትሬድ ስታክ የሚባል የግሉ ቦታ አለው፤ በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ ጃቫ በተለምዶ ለአንዱ ትሬድ 1 ሜጋባይት ይመድባል። ሜተድ ውስጥ የምታውጃቸው ቫሪያብሎች እዚያ ስለሚቀመጡ ሌላ ትሬድ አያገኛቸውም። በኒው የምትፈጥራቸው ኦብጀክቶች ግን ከነፊልዶቻቸው (ውስጣቸው ከሚይዙት ዳታ) ጋር ሂፕ የሚባለው የጋራ ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። የኦብጀክቱን አድራሻ የያዘ ትሬድ ሁሉ ይደርስባቸዋል። ያንተ ቆጣሪ ፊልድ ነው፤ ስለዚህ የጋራ ነው። ሉፑ ውስጥ ዙሩን የምትቆጥረው አይ (i) የምትባለው ቫሪያብል ግን የየትሬዱ የግል ናት፤ ሁለቱም ትሬዶች 100,000 ጊዜ መዞራቸውን ማንም አያበላሸውም።

ኦብጀክት ኦሪየንትድ ለለመደ ሰው እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ትሬድ ራሱ ጃቫ ውስጥ ኦብጀክት ስለሆነ ውስጡ የተጻፈ ነገር ሁሉ የሱ ንብረት፣ በሱ ላይ ብቻ የሚሮጥ ይመስላል። አይደለም። ኦብጀክት የየትኛውም ትሬድ ንብረት አይደለም፤ ሜተድ የሚሮጠው የጠራው ትሬድ ላይ ነው። ይህን ከያዝክ ጀማሪን ሁሉ የሚያደናግረው የስታርት እና የራን ነገር በራሱ ይፈታልሃል። ስታርትን ስትጠራ ጃቫ አዲስ ትሬድ ያስነሳና ራንን በዚያ ላይ ያስኬደዋል። ራንን በቀጥታ ከጠራህ ግን እንደማንኛውም ሜተድ አንተ ባለህበት ትሬድ ላይ ይሮጣል፤ አዲስ ትሬድ የለም፣ መስኮቱም መልሶ ይደርቃል። ኮዱ ስህተት ብሎ ስለማይጮህ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ይውላል። አንዱን የትሬድ ኦብጀክት ሁለት ጊዜ ስታርት ማለት ደግሞ አይቻልም፤ እሱ እንኳ ወዲያው ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) ይወረውራል።

ትሬድ የሚባለውን ክላስ (ኦብጀክት የሚሠራበት ንድፍ) በመውረስ ነው የሠራኸው ብዬ እገምታለሁ፤ አብዛኛው ማስተማሪያ የሚጀምረው በዚያ ነው። እኔ አልመክርህም። ጃቫ ከአንድ ክላስ በላይ መውረስ አይፈቅድም፤ አንዷን ዕድልህን ለዚህ አታባክናት። ከዚያም በላይ ሥራው ሌላ ነው፣ ሥራውን የሚያስኬደው ትሬድ ሌላ ነው። «ከሚዛን ቁጥር 1 አንብብ» የሚለውን ሥራ ራነብል የሚባለውን ኢንተርፌስ በሚፈጽም ተራ ክላስ ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ጃቫ 8 ወዲህ በላምዳ በአንድ መስመር ይጻፋል። ያ ሥራ ዛሬ በትሬድ፣ ነገ በሌላ መንገድ ቢሮጥ ኮዱ አይነካም።

አሁን ወደ ጎደለው ድምር። አንድ የምትጨምረው «ቆጣሪ ፕላስ ፕላስ» የምትል መስመር ለዓይን አንድ ሥራ ትመስላለች፤ ሲፈጸም ግን ሦስት ናት፦ ፊልዱን ከሂፕ ማንበብ፣ አንድ መጨመር፣ ውጤቱን መልሶ መጻፍ። ቆጣሪው 57 ላይ ነው እንበል። የአንደኛው ሚዛን ትሬድ 57ን አነበበ። ገና ሳይጽፍ የሁለተኛው ሚዛን ትሬድ መጥቶ እሱም 57ን አነበበ። የመጀመሪያው ጨምሮ 58 ጻፈ። ሁለተኛውም ጨምሮ 58 ጻፈ። ሁለት ጆንያ ገብቷል፣ ቆጣሪው ግን አንድ ብቻ ጨመረ። ሁለቱም ትሬዶች የታዘዙትን አንድ በአንድ ፈጽመዋል፤ ጥፋቱ ሦስቱ እርምጃዎች መሃል ሌላ ሰው መግባት መቻሉ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። አንዱ ትሬድ 57ን እንዳነበበ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቢያስቆመውና ሌላው በዚያ መሃል ቆጣሪውን 900 ቢያደርስ፣ የቆመው ሲነሳ የያዘው አሮጌ ቁጥር ስለሆነ 58 ብሎ ይጽፋል። 843 ጭማሪ በአንድ ጽሑፍ ተሰረዘ። ቁጥርህ በየሩጫው የሚለያየው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ልክ 200,000 የሚመጣውስ? ያን ጊዜ የመጀመሪያው ትሬድ ሁለተኛው ሳይነሳ ሥራውን ጨርሶት፣ ወይም ዕድል ሆኖ ሳይጋጩ አልፈው ነው። ሉፑን 1,000 ብቻ ብታደርገው ኖሮ በብዛት ትክክለኛው ቁጥር ይመጣልህና «ይሠራል» ብለህ ትተወው ነበር። ባለ አንድ ኮር ኮምፒውተርም አያድንህም፤ በሦስቱ እርምጃዎች መሃል መፈራረቅ እዚያም አለ።

ይህ ሬስ ኮንዲሽን ይባላል። የተማሪ ልምምድ ብቻ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ገደማ ሰው መብራት ሲጠፋበት፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ኦሃዮ ያለ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የማንቂያ ሶፍትዌሩ በሬስ ኮንዲሽን ተይዞ ዝም ማለቱ ነበር። ሠራተኞቹ ማንቂያው መሞቱን ሳያውቁ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ። መስመሮቹ ዛፍ ነክተው መውደቃቸው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን መናገር በነበረበት ሰዓት አልተናገረም።

መፍትሔው ላይ ስንደርስ አብዛኛው ሰው ወዲያው «ሲንክሮናይዝድ ጨምርበት» ይልሃል። እውነት ነው፣ ይሠራል። ግን የት እንደምትጨምረው ካላወቅህ ኮዱን በሲንክሮናይዝድ ታጨቀዋለህ፣ ስህተቱም ይኖራል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የጋራው ዳታ የቱ ነው፣ ባለቤቱስ ማነው የሚለውን ነው። ያንተ የጋራ ዳታ ሁለት ነው፦ የጆንያ ብዛትና ጠቅላላ ክብደት። ሁለቱን የሚይዝ አንድ ክላስ ሥራ፤ የርክክብ ድምር በለው። ፊልዶቹን ፕራይቬት አድርግ። ከውጭ የሚደረስባቸው በሁለት ሜተድ ብቻ ይሁን፦ አንዱ ክብደት ተቀብሎ የሚመዘግብ፣ ሌላው የሁለቱንም ቁጥር አንድ ላይ የሚመልስ። ከዚያ ሁለቱንም ሜተድ ሲንክሮናይዝድ አድርግ። ኦብጀክት ኦሪየንትድ ላይ «ዳታህን ደብቅ» እያሉ የሚያስተምሩት ነገር በትሬድ ጊዜ ነው ዋጋው በደንብ የሚታየው፤ ፊልዱ ፐብሊክ ከሆነ ማን፣ ከየት፣ መቼ እንደሚነካው ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

ሲንክሮናይዝድ የሚሠራው እንዲህ ነው። ጃቫ ውስጥ እያንዳንዱ ኦብጀክት አንድ ቁልፍ አለው። ሲንክሮናይዝድ ሜተድ የሚጠራ ትሬድ የዚያን ኦብጀክት ቁልፍ መያዝ አለበት። ሌላ ትሬድ ይዞት ከሆነ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሜተዱ ሲያልቅ፣ በኤክሴፕሽን እንኳ ቢወጣ፣ ቁልፉ ይለቀቃል። ስለዚህ ማንበብ፣ መጨመርና መጻፍ ሌላ ሳይገባባቸው ያልቃሉ። ሙከራህን በዚህ ክላስ ድገመው፤ ጆይን ብለህ ሁለቱም ትሬዶች እስኪጨርሱ ከጠበቅህ በኋላ አንብብ፣ ሁልጊዜ 200,000 ይመጣል። ጆይኑን ከረሳህ ግን ሜይን ትሬድ ሳይጨርሱ አንብቦ ያነሰ ቁጥር ያትምልህና በሌለ ስህተት ትደክማለህ።

ቁልፉን ይዘውም የሚሳሳቱ አሉ። በብዛት የማየው ለየትሬዱ የተለየ ኦብጀክት ፈጥሮ በየራሱ ቁልፍ መዝጋት ነው፤ ሁለት የተለያየ ቁልፍ ማንንም አያስቆምም። ኢንቲጀር በሚባለው ክላስ የተያዘ ቆጣሪ ላይ ራሱ ሲንክሮናይዝድ የሚያደርግም አለ፤ ኢንቲጀር ስለማይለወጥ አንድ በጨመርክ ቁጥር ኦብጀክቱ ሌላ ይሆናል፣ ቁልፉም አብሮ ይቀየራል። ሌላው መጻፊያውን ዘግቶ ማንበቢያውን ክፍት መተው ነው። «ማንበብ ምን ያበላሻል?» ትል ይሆናል። አንባቢው ብዛቱ ጨምሮ ክብደቱ ገና ባልጨመረበት ቅጽበት ላይ ሊደርስ ይችላል፤ የጆንያ አማካይ ክብደት የምታሳይ ከሆነ የተሳሳተ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ብልጭ ይላል። በአሮጌ 32 ቢት ጃቫ ላይ ደግሞ ሎንግና ደብል የሚባሉት ባለ 64 ቢት ቁጥሮች በሁለት ግማሽ ሊጻፉ ስለሚችሉ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ የሆነ ቁጥር ማንበብም ይቻላል። መጋዘን ውስጥ የሚቀመጠው ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ከቢሮ የተረፈ አሮጌ ነውና አትናቀው። (በነገራችን ላይ ክብደቱን በደብል አትደምር። በግራም፣ በሎንግ ያዘው፤ 60 ኪሎ 60,000 ይሁን። ደብል ላይ የኪሎ ቁርጥራጮች ሲደመሩ ጫፉ ላይ ይዛባል።)

አቶሚክ ኢንቲጀር የሚባል ክላስ እንዳለ ሳትሰማ አትቀርም። እ.ኤ.አ. በ2004 ከጃቫ 5 ጋር የመጣ ነው፤ ያለ ቁልፍ፣ በፕሮሰሰሩ ልዩ ትዕዛዝ ተደግፎ ሦስቱን እርምጃ እንደ አንድ ይፈጽማል። የሙከራ ቆጣሪህን በሱ ብትተካው ወዲያው ይስተካከላል፣ ፈጣንም ነው። ላንተ መጋዘን ግን አይበቃም። ብዛቱን በአንድ አቶሚክ፣ ክብደቱን በሌላ አቶሚክ ብትይዝ እያንዳንዱ ለብቻው ትክክል ይሆናል፤ አንድ ላይ ግን ትክክል መሆናቸውን የሚጠብቅ የለም። ሁለት ቁጥሮች አብረው መለወጥ ካለባቸው አንድ ቁልፍ ያስፈልጋቸዋል። የየአቅራቢውን ድምር በሃሽማፕ (በስም የሚፈለግ የዳታ ማከማቻ) ይዘህ ከሆነም ቀይረው፤ ሃሽማፕ ለብዙ ትሬድ አልተሠራም። በጃቫ 7 እና ከዚያ በፊት ሁለት ትሬዶች እኩል ሲያሰፉት ውስጡ ተጠላልፎ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባና ፕሮሰሰሩን 100 ፐርሰንት ይዞ ይቀር ነበር። ኮንከረንት ሃሽማፕ የሚባለውን ተጠቀም።

ቁልፍ ይዘህ ደግሞ ከሚዛን አታንብብ። ሲሪያል ገመዱ ላይ ቁጥር እስኪመጣ መጠበቅ ረጅም ነው፤ ቁልፉን ይዞ የሚጠብቅ ትሬድ ሌላውን ሚዛን አብሮ ያስቆመዋል። መጀመሪያ አንብብ፣ ቁጥሩ እጅህ ሲገባ ቁልፉን ያዝ፣ መዝግብ፣ ልቀቅ።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የመታየት ጉዳይ ነው። ሚዛን የሚያነበው ትሬድ «ይቀጥል» የሚል ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚይዝ) ፊልድ እያየ ይዞራል፤ መስኮቱ ሲዘጋ አንተ ፎልስ ታደርገዋለህ። ትሬዱ ላይቆም ይችላል! ጃቫ ኮዱን ሲያፈጥነው «ይህ ፊልድ በዚህ ሉፕ ውስጥ አይለወጥም» ብሎ አንዴ ብቻ አንብቦ ሊተወው መብት አለው፤ ሌላ ትሬድ እንደሚለውጠው አልነገርከውምና። ቮላታይል የሚለው ቃል የሚያስፈልገው እዚህ ነው፦ አንዱ ትሬድ የጻፈውን ሌላው እንዲያየው ያስገድዳል። ግን ቮላታይል ቆጣሪህን አያድነውም፤ ሦስቱን እርምጃ አንድ አያደርጋቸውም። ሲንክሮናይዝድ ሁለቱንም ይሰጣል። ትሬድ ለማቆም ስቶፕ የሚለውን ሜተድ ካየህ እለፈው፤ ኦብጀክቶችን እንደተበላሹ ስለሚተው ከ1998ቱ ጃቫ 1.2 ጀምሮ እንዳይሠራበት ተመክሯል። ሚዛኑ ላይ ጆንያ ሳይጫን ትሬዱ ለዘላለም እንዳይጠብቅ ለንባቡ የጊዜ ገደብ ስጠው፤ ቁጥር ባይመጣም በየጥቂት ሰከንዱ ተመልሶ «ይቀጥል» የሚለውን ያያል።

መስኮቱ መጀመሪያ ለምን እንደደረቀ አሁን ግልጽ ይሆንልሃል። ስዊንግ የሚባለው የጃቫ መስኮት መሥሪያ መስኮቱን የሚሥለውና የአይጥ ጠቅታ የሚቀበለው በአንድ ትሬድ ብቻ ነው፤ ኢቨንት ዲስፓች ትሬድ ይሉታል። መስኮቱ ላይ ያለው በተን ሲጫን በሚሮጠው ኮድ ውስጥ ከሚዛን ማንበብ ስትጀምር ያን ትሬድ ያዝከው፤ ስለዚህ የሚሥል ጠፋ። አሁን ስራውን ወደ ሌላ ትሬድ አዛውረሃል፣ ጥሩ። ግን ከዚያ ትሬድ ላይ ሆነህ የስክሪኑን ጽሑፍ በቀጥታ ትለውጣለህ ብዬ እፈራለሁ። የስዊንግ ክፍሎች በአብዛኛው ለሌላ ትሬድ አልተሠሩም፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ግማሽ ተሥሎ ይቀራል። ለውጡን ኢንቮክ ሌተር በሚባለው ሜተድ አስተላልፈው፤ ኢቨንት ዲስፓች ትሬዱ ተራው ሲደርስ ራሱ ይለውጠዋል። ጃቫ ኤፍኤክስ ከሆነ የምትጠቀመው ራን ሌተር የሚባለው ተመሳሳዩ ነው።

መጋዘኑ ሰፍቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ጆንያ ማዛወር ከመጣ ዴድሎክ ይመጣብሃል። አንዱ ትሬድ ከመጋዘን 1 ወደ 2 ሲያዛውር የ1ን ቁልፍ ይይዝና የ2ን ይጠብቃል፤ ሌላው ከ2 ወደ 1 ሲያዛውር የ2ን ይዞ የ1ን ይጠብቃል። ሁለቱም ለዘላለም ይቆማሉ፤ ኤክሴፕሽን የለም፣ ፕሮሰሰሩም ሥራ ፈት ነው። መድኃኒቱ ቅደም ተከተል ነው፦ ዝውውሩ ወደየትም ይሁን ሁልጊዜ ትንሹን ቁጥር የያዘው መጋዘን መጀመሪያ ይቆለፍ። ቆሞ ካገኘኸው ከጃቫ ጋር የሚመጣውን ጄስታክ የተባለ መሣሪያ የፕሮሰሱን ቁጥር ሰጥተህ አስነሳው፤ እያንዳንዱ ትሬድ የት መስመር ላይ እንደቆመ፣ የማንን ቁልፍ እንደሚጠብቅ ያትምልሃል፣ ዴድሎክ ካለም በግልጽ ይነግርሃል።

እስካሁን ያለው ነገሩን እንድትረዳው ነው። ላንተ ሥራ እኔ ብሆን የምሠራው ግን ሌላ ነው። የጋራውን ድምር ከሚዛኖቹ ትሬዶች ጨርሶ አወጣዋለሁ። እያንዳንዱ የሚዛን ትሬድ ክብደት ሲያገኝ ሚዛን ቁጥር፣ ክብደትና ሰዓት የያዘ አንድ የማይለወጥ ኦብጀክት ይሠራና ብሎኪንግ ኪው (ትሬዶች የሚቀባበሉበት ወረፋ) ውስጥ ያስገባዋል። ፊልዶቹ ሁሉ ፋይናል የሆነ ኦብጀክት ማንም ስለማይለውጠው ለስንት ትሬድ ቢታደል ችግር የለውም። ከኪው የሚያወጣው ሦስተኛ፣ አንድ ብቻ ትሬድ ነው፤ ዳታቤዝ ላይ ይጽፋል፣ ድምሩን ይጨምራል፣ ለመስኮቱ በኢንቮክ ሌተር ይነግራል። ድምሩን የሚነካው አንድ ትሬድ ብቻ ስለሆነ ሬስ ኮንዲሽን የሚፈጠርበት ቦታ አይኖርም። ኪው ውስጥ ያለው መቆላለፍ በጃቫ ሰዎች የተጻፈና በዓለም ዙሪያ የተፈተነ ነው፤ እኔና አንተ ከምንጽፈው ይሻላል።

ትሬዶቹንም በእጅህ አትፍጠራቸው፤ ኤግዚኪዩተር ሰርቪስ በሚባለው አስነሳቸው። ሦስት ትሬድ ያለው ቋሚ ፑል (የተዘጋጁ ትሬዶች ስብስብ) ይበቃሃል። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ሻትዳውን ማለት አትርሳ፤ ካልሆነ መስኮቱ ይጠፋል እንጂ ፕሮሰሱ አይሞትም፣ ሲሪያል ፖርቱንም እንደያዘ ይቀራል፣ ጠዋት መጋዘን ጠባቂው እንደገና ሲከፍት «ፖርቱ ተይዟል» ይለዋል። ስለ ቨርቹዋል ትሬድ ጠይቀህ ባታውቅም አንድ ሰው ማንሳቱ አይቀርም፦ እ.ኤ.አ. በ2023 ከጃቫ 21 ጋር በይፋ የወጣ ነው፣ በሺዎች የሚቆጠር ግንኙነት ለሚያስተናግድ ሰርቨር ጥሩ ነው። ለሁለት ሚዛን ምንም አይጨምርልህም።

መብራትን አስበው። ድሬ ላይ መብራት ድንገት መሄዱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሂፕም ኪውም ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ አንድ ጆንያ «ተረክቧል» የሚል ምልክት ስክሪኑ ላይ መታየት ያለበት ዳታቤዙ መዝግቤያለሁ ካለ በኋላ ነው፣ ከሚዛኑ እንደተነበበ አይደለም። ዳታቤዙ ውስጥም ድምሩን አትያዝ። ለእያንዳንዱ ጆንያ አንድ ረድፍ ጻፍ፤ ድምሩን ስትፈልግ ዳታቤዙን ደምር በለው። ማታ ላይ ክርክር ቢነሳ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ሚዛን፣ ስንት ኪሎ እንደገባ ተቆጥሮ ይታያል። አንድ የጎደለ ቁጥር ብቻ ይዘህ ግን ከማንም ጋር መነጋገር አትችልም።

ነገ ሁለተኛ ኮምፒውተር ከተጨመረም ረድፍ በረድፍ መጻፉ ነው የሚያዋጣህ። ሲንክሮናይዝድ በአንድ የጃቫ ፕሮሰስ ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው፤ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ያለውን ፕሮግራም አያውቀውም። ሁለቱም ከዳታቤዝ ድምር አንብበው፣ ጨምረው መልሰው የሚጽፉ ከሆነ ያው የ57 እና የ58 ታሪክ በኔትወርክ ላይ ይደገማል። የግድ አንድ ቁጥር መለወጥ ካለብህ አንብቦ መጨመሩን ለዳታቤዙ ተውለት፤ «ያለውን በዚህ ያህል ጨምር» የሚል አንድ የአፕዴት ትዕዛዝ ላክ።

የትኛውን ዳታቤዝ እንደምትጠቀም አልጻፍክም። ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስ ከሆነ ያልኩህ እንዳለ ይሠራል። ኤስኪውላይት ከሆነ በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው የሚያስተናግደው፤ ከአንድ ትሬድ ብቻ ስለምትጽፍ ለአንድ ኮምፒውተር አያስቸግርህም፣ ሁለተኛው ኮምፒውተር ሳይመጣ ግን ቀይረው፤ ፋይሉን በኔትወርክ ላይ አጋርቶ መጠቀም አይመከርም። ሚዛኑን የሚያነበውን ክፍል ኮድና፣ መስኮቱ ዳግም ከደረቀ የጄስታኩን ውጤት ለጥፍልኝ፤ አየዋለሁ።